ሽሯችን ውስጥ ያለው ጓያ

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን አንዷ ሽሮ ልትገዛ ባልትና ቤት ገብታ ሁላችንም የምናውቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

"እትዬ፣ ጓያ የለበትም አይደል?"

ባለ ባልትናዋ አልተቆጡም። ፈገግም አላሉም። "የኔ ልጅ፣ ያለ ጓያ ከፈለግሽ ያኛው አለልሽ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው" አሏት። የዋጋው ልዩነት ሲነገራት ልጅቷ (ስሟን አንጠቅስም፣ እንዳትጣላን) ዝም ብላ ባለ ጓያውን አስመዝና ወጣች።

ይህን ስትነግረን ሳቅን። "ጉልበትሽን እንዳይዝሽ" እያልንም ተረብናት። አዲስ አበባ ውስጥ የጓያ ወሬ ከዚህ አያልፍም። ወይ ቀልድ ነው፣ ወይ ነጋዴ መርገሚያ። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ፣ ሽሮ ውስጥ ጓያ... ዝርዝሩን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ።

ከኛ መሐል አንዱ ግን አልሳቀም። የአማኑኤል ልጅ ነው። አማኑኤል ስንል ሆስፒታሉን አይደለም (ይህቺ ቀልድ ካረጀች ቆይታለች፣ እሱም ሰልችቶታል)። ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ ናት። ሽሮ የገዛችው ልጅ ደግሞ በእናቷ የቢቸና፣ በአባቷ የሞጣ ናት፤ ግን እዚሁ ስላደገች አገሯን የምታውቀው በፋሲካ ጉዞ ነው። ሦስተኛችን እንኳን ጎጃምን ዓባይንም ተሻግሮ አያውቅም። የዚህ ጽሑፍ "እኛ" እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

የአማኑኤሉ ልጅ ያልሳቀበትን ምክንያት ሲነግረን እንዲህ አለ። ልጅ ሆኖ የገበያ ቀን ሲደርስ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሁለት ምርኩዝ አጠገባቸው አጋድመው የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ልጆቹ "አያ" ይሏቸዋል። ሲነሡ ጉልበቶቻቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ አንዱ እግር በሌላው ፊት እንደ መቀስ ይጠላለፋል፣ ተረከዛቸው መሬት አይነካም፤ በጣታቸው ጫፍ ነበር የሚራመዱት። ገበጣ ግን ማንም አሸንፏቸው አያውቅም። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተራ እየገባ ይሸነፋል። ጠጠሯን ገና ሳታነሣት የት እንደምታልቅ ያውቁታል።

"አያ፣ እግርዎን ምን ነካዎት?" ብሎ አንድ ቀን ጠየቃቸው።

"ጓያ ሰበረኝ" አሉት። "ጎረምሳ ሳለሁ። ንፍሮው ሲፈላ እንፋሎቱ መታኝ።"

ሌላ አላሉም፤ ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

እንፋሎቱ እንዳልሆነ አሁን እናውቃለን። ሆኖም የአያ መልስ የሞኝ መልስ አይደለም። ጓያ በሚዘራበት አገር ይህን የሚያምን ብዙ ሰው አለ፤ አንዳንዱም ማሳው ላይ መተኛት ነው የሚያመጣው ይላል። ገበሬው በሽታው ከጓያ እንደሚመጣ ማንም ሐኪም ሳይነግረው ደርሶበታል። በየትኛው በር እንደሚገባ ነው የተሳሳተው። በበኩላችን እኛ የከተማዎቹም በሩን ተሳስተናል፤ በሽሯችን በኩል የሚመጣ መስሎናል።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ጓያ ውሃ በሚያቁር ጥቁር መሬት ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በቀረው እርጥበት የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ማዳበሪያ ስጡኝ አይልም። አረም ንቀሉልኝ ብሎ አያስጨንቅም። ውሃ ሲበዛ አይበሰብስም፣ ዝናብ ሲቀር አይሞትም። ሌላው እህል ማሳ ላይ እንዳለ ሲቃጠል ጓያ ቆሞ ይገኛል። በዚያ ላይ ከሩብ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። እንዲህ ያለ እህል ለድኻ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! መልካም ዘመን ሲሆን ትንሽ ይበላል፣ ለከብት ይሰጣል፣ ለገበያ ይወጣል። ክፉ ዘመን ሲመጣ ግን ጎተራ ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሕንዳውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። መልኩ ግሉታሜት የተባለውን፣ አንጎል ውስጥ አንዱ ነርቭ ሌላውን "ተነሥ!" የሚልበትን ኬሚካል ይመስላል። ነርቩም ይታለላል። የተጠራ መስሎት ይነሣል፣ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ... እረፍት የሚባል ነገር የለም። በዚህ ዓይነት ሩጫ ውስጥ ያለ ሴል ኃይሉን ሲያቃጥል ጎጂ ጭስ ያወጣል። ጭስ ያልነው ለምሳሌ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኦክሲደንት ይሉታል። ይህን ጭስ የሚያጠፋው ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ግሉታቲዮን የተባለ ማርከሻ ነው። ኦዳፕ ግን ሁለተኛ ተንኮልም አለው። ግሉታቲዮን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ወደ ሴሉ የሚገባበትን በር ይዘጋል። እሳት ለኩሶ ቧንቧውን መዝጋት እንደማለት ነው።

ቀድሞ የሚጎዱት ከአንጎል ተነሥተው በአከርካሪ በኩል እግርን የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። ማሰቢያው፣ ማስታወሻው፣ ገበጣ መጫወቻው አይነካም። አያ ለዚያ ነው በእግራቸው መቆም እያቃታቸው በጠጠር ሁሉንም የሚረቱት። በሽታው ዕድሜ አያሳጥርም፤ ግን አይመለስም። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለዩት በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ ባንድ ምርኩዝ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ መጨረሻው በእጅና በጉልበት መዳኽ።

አሁን የኛን ቀልብ የሳበው ነገር መጣ። ሁሉም የበላ አይሰበርም። አንድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ድስት በልተው፣ አንዱ ልጅ ሲሰበር ሌላው ይሮጣል። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ2004 የሕንድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ሰው በጓያ የበላውን ኦዳፕ እንዳለ በሽንት አያስወጣውም፤ አብዛኛውን ሰውነቱ ውስጥ ይለውጠዋል። የሚይዘው ሰው ከሚበላው ሰው ያነሰውም ምናልባት ለዚህ ነው አሉ። ሁለተኛው ፍንጭ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው፤ ይሄም ከሕንድ። የቪጃያላክሽሚ ራቪንድራናት ቡድን አይጦች ላይ ባደረገው ሥራ፣ ኦዳፕ የሴሉን የኃይል ማመንጫ (ማይቶኮንድሪያ የሚባለውን) እንደሚያሰናክል አየ። ቀጥሎም ግሉታሬዶክሲን የተባለ ኢንዛይም ማመንጫውን ሲጠግን አየ። ኢንዛይሙ እንዳይመረት ሲያደርጉ ጥገናውም ቀረ። ይሄው ቡድን ቆይቶ የሴት አይጦች አንጎል ውስጥ ኢንዛይሙ ከወንዶቹ በበለጠ መጠን እንደሚገኝና ሴቶቹ ሌላ የነርቭ መርዝን በተሻለ እንደሚቋቋሙ አሳየ። ልብ በሉ፣ ጓያ በብዛት የሚሰብረው ወጣት ወንዶችን ነው። ሁለቱን አያይዘን "ይኸው ምሥጢሩ ተፈታ!" አንልም፤ አይጥ አይጥ ነው፣ ወንዱም ማሳ ላይ ውሎ የሚበላው ሌላ ነው። ግን ነገሩ ያሳስባል።

ይሄ ኢንዛይም ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ስንቁ ያው ግሉታቲዮን ነው። ግሉታቲዮን የሚሠራው ድኝ ካለበት አሚኖ አሲድ ነው፤ ይህን የምናገኘው ከምግብ ነው። ጓያ በፕሮቲን የናጠጠ ሆኖ ድኝ ባለባቸው አሚኖ አሲዶች ድኻ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ እነዚህን ይሰጣሉ። እንግዲህ ጓያን ብቻውን ለወራት የበላ ሰው መርዙን በየቀኑ እየጨመረ፣ ማርከሻው የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ በየቀኑ እያጣ ነው የሚሄደው። አንጎሉ ጠባቂ አጥቶ አይደለም። ጠባቂው ስንቅ አልቆበት ነው።

ይህ በጓያ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በአፍሪካ መሐል አገሮች ኮንዞ የሚባል በሽታ አለ። በያካ ቋንቋ "የታሰረ እግር" ማለት ነው፤ በሕክምና የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1938 በኮንጎ ነው። የሚመጣው በደንብ ሳይዘፈዘፍ ከተበላ መራራ ካሳቫ ነው። ካሳቫው ውስጥ ሳያናይድ አለ፤ ሰውነታችን ውስጥ ደግሞ ሮዳኒዝ የሚባል ሳያናይድን የሚያረክስ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ ሥራውን የሚሠራው በምን ይመስላችኋል? በድኝ። በድርቅና በጦርነት ጊዜ ሰው ካሳቫ ብቻ ሲበላ ድኙ ያልቃል፣ ኢንዛይሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ወጣቱ እግሩ ይታሰራል። ሌላ አገር፣ ሌላ ተክል፣ ሌላ መርዝ፤ ታሪኩ ግን የአያ ታሪክ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ፎገራ ላይ ብዙ ሰው ሰበረ። ያኔ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የተሰበረ ጎረምሳ፣ በሽታው ዕድሜ አያሳጥርምና፣ ዛሬ ስድሳውን አልፎ በምርኩዝ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጭ ብለን ስናሰላው ደነገጥን። ከዚያ በኋላ እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕመምተኛ ቆጠሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ አበባ ላይ ስለ ጓያና ስለ በሽታው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። ሊቃውንቱ ከየአገሩ መጡ፣ ጥናት ቀረበ፣ ቡና ተጠጣ። በዚያው ሰሞን ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ላይ ዝናብ ቀርቶ፣ ሌላው እህል ጠፍቶ፣ ሰው ጓያ ላይ ወድቆ ነበር። ከ2 ሺህ በላይ ሰው ተሰበረ።

ጉባኤተኞቹን ለመክሰስ አይደለም ይህን ያነሣነው። ያለ እነሱ ምንም አናውቅም ነበር። ግን እውቀቱ አዲስ አበባ፣ ጓያው ደላንታ። በመሐሉ ያለውን መንገድ ማን ይሂድበት?

ከደላንታ የወጣው ጥናት ነው ስለ ሽሯችን ያለንን ሐሳብ የገለበጠው። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ከቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ፈርናንድ ላምበይን ጋር የሠሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡትን ተመልከቱ። የተሰበሩትን ካልተሰበሩት ጋር አነጻጸሩ። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የበሉት በብዙ እጥፍ ለአደጋ ተጋልጠው ተገኙ። በእንጀራ፣ በቂጣና በሽሮ የበሉት ላይ ግን ያ አልታየም። ከዚያም አልፎ፣ ቅመም ከገባበት ወጥ ጋር ሲበላ፣ ወይም ጓያው ከሲሶ በታች ሆኖ ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ፣ እንዲያውም መከላከያ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ሳቁ ወደ ማን እንደሚዞር አያችሁ? ከባልትና ቤት የተገዛችው ሽሮ፣ ጓያ የገባባት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለባት፣ በጤፍ እንጀራ የምትበላዋ፣ ከጓያ አበላል ሁሉ አደጋው የሚያንስባት ናት። እኛ በአንድ ገበታ ላይ መርዙንም ማርከሻውንም አብረን ነው የምንጎርሰው። (ይህ ሲባል ነጋዴው ጓያውን ደብቆ በሽምብራ ዋጋ ይሽጥልን ማለታችን አይደለም። እሱ ሌባ ነው፤ መርዘኛ ግን አይደለም።) የሚሰበረው ማሳ ሲጠብቅ እሸት የሚልጥ፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ ሩቅ የሚሄድ፣ ማታ ደግሞ ያለ እንጀራ ንፍሮ የሚበላ ልጅ ነው። ጓያን ደባልቆ ለመብላት የሚደባለቅ ነገር ያስፈልጋል። ልጁ የሚደባልቀው የለውም።

እዚህ ላይ ነው የጎጃሙ ጉዳይ የሚከነክነን። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው። የአዲስ አበባ ወፍጮ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነጭ ጤፍ ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከሞጣ መስመር ይጫናል። የቢቸናዋ ልጃችን አጎት ገበሬ ናቸው። ጤፉን ይሸጣሉ፤ ለግብር፣ ለማዳበሪያ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለለቅሶና ለሠርግ። ቤት የሚቀረው ርካሹ ነው፤ በቆሎ፣ ገብስ፣ ጓያ። "ጤፍ ለገበያ ነው የሚዘራው" አሏት አንዴ፣ ለሷ ግን በነጭ እንጀራ ነበር ያቀረቡላት፣ እንግዳ ናታ! ደህና ዓመት ሲሆን ይህ ምንም አይደለም፤ ብልህ የቤት አስተዳደር ነው። ክፉ ዓመት ሲመጣ ግን ጤፉ አስቀድሞ ዓባይን ተሻግሮ ይገኛል። ማርከሻው ወደኛ መጥቷል፤ ጓያው እዚያ ቀርቷል።

"ታዲያ ለምን ጓያ መዝራት አይከለከልም?" የሚል አይጠፋም። ከኛ መሐልም አንዱ ብሎት ነበር፤ ያ ዓባይን ያልተሻገረው። ሕንድ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከለከለች፤ ገበሬው መዝራቱን አልተወም። ድርቅ ሲመጣ ከሕግ ይልቅ ሆድ ይቀርባላ። የሚከለክለው ሰው በምትኩ የሚበቅል፣ ውሃም ድርቅም የሚችል፣ ማዳበሪያ የማይሻ ሌላ እህል ይዞ ይምጣ፤ ያኔ እንነጋገራለን። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ሰልፍ ሲወጣ አይተናል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው የከረመው። ማዳበሪያ ያጣና መንገድ የተዘጋበት ገበሬ ምን ቢዘራ ትመክሩታላችሁ?

"ዘፍዝፋችሁ ብሉ" የሚለውም ምክር ትክክል ነው፣ ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል፤ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ብዙውን መርዝ ያስወጣል። ችግሩ ምክሩን የሚሰጠው ሰው ቧንቧ ያለው መሆኑ ነው። በድርቅ ዓመት አንዲት እናት ሩቅ ወርዳ በጀርባዋ ያመጣችውን ውሃ አሙቃ፣ ዘፍዝፋ፣ ድፊው ስትባል አስቡት። እንጨቱስ?

የተሻለው ነገር ዘሩ ላይ የተሠራው ነው። ዋሴ የተባለች ኦዳፕ የቀነሰላት የጓያ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ አገር ተለቃለች። እናመሰግናለን፤ ከልባችን ነው። ይሁንና ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ንብ ከጎረቤት ማሳ ያመጣችው ዱቄት ዘሩን ይደባልቀዋል፤ ገበሬው በየጊዜው ንጹሕ ዘር ካላገኘ ዋሴ ስሟ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የኦዳፕ መጠን በዘር ብቻ አይወሰንም፤ ተክሉ ውሃ ሲጠማው መርዙ ይጨምራል። ሰው ጓያ ላይ የሚወድቀው በድርቅ ዓመት ነው፤ ጓያውም የሚመርረው በዚያው ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ክፉ ግጥምጥሞሽ!

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህን ነው። በጓያ አገር ማንም እንዳይሰበር የሚያደርገው ነገር አስቀድሞ የደረሰ እህል ነው። ብዙ እንኳ አይደለም፤ ጓያውን ከሲሶ በታች የሚያደርግ፣ ለኢንዛይሙ ስንቅ የሚሆን። በሽታው የሚይዘው ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ሁለትና ሦስት ወር ሲቆይ ነው። ይህ ማለት ጊዜ አለ ማለት ነው። ሰው በረኃብ መሞቱ እስኪነገር ከተጠበቀ ግን እግሩ ቀድሞ ሄዷል። በምግብ እጥረት ቆጠራ ላይ "በቂ ካሎሪ አግኝቷል" ተብሎ የሚታለፍ ቤት ካሎሪው ሁሉ ከጓያ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ሞልቷል፣ ሰንጠረዡ ላይ ደህና ነው፣ ልጁ ግን ጠዋት ሲነሣ ጥጃው ተወጥሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። የወረዳ ባለሙያ ገበያ ወጥቶ የጓያ ዋጋ ከሌላው እህል ምን ያህል እንደራቀ፣ እናቶች ምን እየሸመቱ እንደሆነ ቢጽፍ፣ ያ ጽሑፍ ከየትኛውም የሳተላይት ፎቶ በፊት ደወል ይሆናል። እርዳታ የሚያዘጋጀውም ሰው ወሩን ቢያይ፣ ጓያው ማሳ ላይ እሸት የሚሆንበትን ወር፣ ብዙ ጉልበት ይተርፋል።

ለተሰበሩትስ? ይህን ስንጽፍ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። የሽሮዋ ልጅ "ስለ መከላከል ብቻ ጽፈን የተሰበሩትን ረሳን" አለች። እውነቷን ነው። መድኃኒት የለውም ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል፣ ግን አላለቀም። አእምሮው ሙሉ፣ ክንዱ ጠንካራ፣ ዕድሜው ረጅም የሆነ ሰው ነው በረንዳ ላይ የተቀመጠው። ደህና ምርኩዝ፣ ጎማ ያለው ወንበር፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ የተወጠረውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት፤ ይህ ሁሉ ያለ ነገር ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ማዶ መሄድ ነው ያቃተው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮማኒያ ባስተዳደረችው የቫፕኒያርካ ካምፕ የታሰሩ አይሁድ ይህንኑ ጥራጥሬ ተመግበው ሲሰበሩ፣ አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ምንነቱን ለይቶ፣ አንበላም እንዲሉ መክሮ፣ ከጦርነቱ በኋላም ታሪካቸውን ሲመዘግብ ኖረ። ያ ነገር ወንጀል ተብሎ ተጽፏል። የደላንታው የተጻፈው "ድርቅ" ተብሎ ነው።

የአማኑኤሉ ልጅ ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት እናቱ ጋ ደወለ። አያ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀ። "ኧረ እሳቸውስ ካረፉ ቆዩ፤ አልነገርኩህም እንዴ?" አሉት። ቀብራቸው ላይ ገበጣው ከእንጨት ነበር ከጭቃ የሚል ጭቅጭቅ ተነሥቶ እንደነበር ጨምረው አወሩት፤ ሰው በሐዘን መሐል የሚያወራው ነገር አያልቅበትም። ከዚያ እሱ የጓያ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቃቸው።

"ለምን? ሽሮ አለቀብህ እንዴ? በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ።"

"እማ፣ ጓያ አለበት?"

"አዎን፣ ትንሽ ጣል አድርጌበታለሁ" አሉ እናቱ። "ያለሱ አይወፍርም።"